አንቀልባና ካልሲ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ግጥም አይደለም፤ ስለ ልብ ወለድም አይደለም። ስለ አንዲት የእግር ካልሲ ነው። ካልሲዋም የእኔ አይደለችም፤ ስድስት ሳምንት ለሆናት ልጄ ልትላክ የታሰበች፣ ሕፃን ሲተኛ ትንፋሹን ትጠብቃለች የተባለች ካልሲ ናት። «ይህ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምኑ ነው?» እንዳትሉኝ። ከዚህች ካልሲ ጀርባ እናት አለች፤ ሞት አለ፤ ፍርድም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረውም የማስተምረውም እዚሁ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ባለቤቴ የበኩር ልጃችንን የተገላገለችው በክረምቱ መግቢያ፣ የጉና ብርድ ቁልቁል በሚወርድበት ሰሞን ነበር። ጎረቤቱ ገንፎውን ቀምሶ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ፣ መርቆ ከሄደ በኋላ ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ደወለች። እኛ «እታለም» ነው የምንላት።

«ስማ፣ ለልጅቷ የምልከውን ዕቃ ምረጥ» አለችኝ። «ልጅ ሲተኛ ትንፋሹ ቢቋረጥ የሚጮኽ ሞኒተር ነው። ሦስት ዓይነት አለ፤ ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁና በሳምንት ውስጥ ወስን።»

ለምን እንደ ቸኮለች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በኋላ እመለስበታለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ሳነብና ስጠይቅ ሰነበትሁ። አንደኛው ዓይነት ከፍራሽ ሥር የሚነጠፍ ሰሌዳ ነው። ሕፃኑ ሲተነፍስ ደረቱና ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ፍራሹን በጥቂቱ ያነቃንቀዋል፤ ሰሌዳው ያችን ንቅናቄ ይከታተላል፤ ለ20 ሰከንድ ምንም ካልተሰማው ይጮኻል። አንጀልኬር የተባለው የካናዳ ኩባንያ ስሙ የታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው ከዳይፐር ወገብ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስኑዛ የሚሉት የደቡብ አፍሪካ ሥሪት አንዱ ነው። ጫፉ የሕፃኑን ሆድ ይነካል። ሆዱ ለ15 ሰከንድ ካልተንቀሳቀሰ ሕፃኑን ለመቀስቀስ ይንዘረዘራል፤ 20 ሰከንድ ከሞላ ይጮኻል። ሦስተኛው ካልሲው ነው። አውሌት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራዋል። በእግር ቆዳ በኩል ብርሃን እየላከ የልብ ምትንና በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ይለካል። በኮቪድ ዘመን ጣታችን ላይ ይቆነጥጡልን የነበረው ኦክሲሜትር የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ከካልሲው ጋር ራቅ ብሎ የሚቀመጥ አንድ ዕቃ አለ፤ ሁሉ ሰላም ሲሆን አረንጓዴ ያበራል፤ ልኬቱ ከወሰኑ ሲወጣ ይጮኻል። ዋጋው ወደ 300 ዶላር ይጠጋል፤ ለእኔ የወራት ደመወዝ ነው።

ሰሌዳውን ወዲያው ጣልሁት። ሰሌዳው የሚያገለግለው ሕፃኑ ለብቻው ሲተኛ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ የሚተኛው ከእናቱ ጎን ነው። እናትና ልጅ በአንድ ፍራሽ ከተኙ ሰሌዳው የሚሰማው የእናቲቱን ትንፋሽ ነው፤ ልጁ ቢሞት እንኳ እናቱ እስከ ተነፈሰች ድረስ ዝም ይላል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ይኸው ኩባንያ ሁለት ሕፃናት በመሣሪያው ገመድ ታንቀው በመሞታቸው 600,000 ያህል መሣሪያዎች እንዲስተካከሉ ጥሪ ማድረጉን አነበብሁ። ትንፋሽ ሊጠብቅ ቤት የገባ ዕቃ ትንፋሽ መቁረጡ ለብዙ ጊዜ ከሐሳቤ አልወጣም።

ቆንጣጩም አልሆነልኝም። የእኛዋ ልጅ የምትጠቀለለው በጨርቅ ነው፤ ከተኛችም ግማሹን የምትተኛው በአንቀልባ፣ በእናቷ ወይም በእናቴ ጀርባ ላይ ነው። አንቀልባ ውስጥ ያለ ዕቃ የሚሰማው የአዛዪቱን እርምጃ እንጂ የታዛዪቱን ሆድ አይደለም።

ካልሲውን ግን ለመጣል ተቸገርሁ። እርግጥ ሰበብ አላጣሁም። መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪው ያሳስባል። ልኬቱን በስልክ ለማየት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ስንት ወር ሳይመለስ እንደ ቆየ የዚህ አገር ሰው አይረሳውም። ከተማችንም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ የጤነኛ ሕፃን የደም ኦክስጅን እንኳ ቆላ ካለው በመጠኑ ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሰበብ ነው። መብራቱ ባይጠፋ፣ ኢንተርኔቱም ባይቋረጥ፣ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ጥያቄው የእናቴ ነው።

* * *

እናቴ ከእታለም በኋላ፣ ከእኔ በፊት፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። የአጨዳ ሰሞን ነበር አሉ። ልጅቱ ማታ ጡቷን ጠብታ፣ ጠግባ ተኛች። ትኩሳት አልነበራትም፤ አላሳላትም፤ አላለቀሰችም። ሲነጋ ግን በርዳ ተገኘች።

የሰፈሩ ሴቶች ሊያጽናኗት መጡ፤ አጽናኗትም። ከደጅ ሲወጡ ግን አንዲቷ ለጓደኛዋ ሹክ አለቻት፦ «ተኝታ ተጭናት ነው።» እናቴ ሰማች። ማንም ፊት ለፊት አልከሰሳትም፤ እርሷ ግን በራሷ ላይ ፈረደች። ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ቀኖና ተቀበለች፤ ቀኖናውን ፈጽማም ፍርዱ አልተነሣላትም። እኔ ስወለድ እታለም የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቴ ኩራዝ አብርታ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ጣቷን ከአፍንጫዬ ሥር እያደረገች ትንፋሼን ስትፈትን እንደምታድር ከመኝታዋ ሆና ታይ ነበር። ያ ጣት የቤታችን የመጀመሪያው ሞኒተር ነው። እታለም ሜሪላንድ ሆና የምትቸኩለው ያንን ጣት ስላልረሳች ነው።

እንዲህ ያለው ፍርድ ጥንታዊ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ሰሎሞን የፈረደላቸውን ሁለት ሴቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሰባኪውም ሠዓሊውም ዓይኑን የሚጥለው በሰይፉና በሕያው ልጅ ላይ ነው። የሞተውን ልጅ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ያ ልጅ የሞተው እናቱ በሌሊት ስለ ተኛችበት ነው ተብሏል። ይህን ያለው ማን ነው? ከሳሺቱ ናት። እርሷም ያን ጊዜ ተኝታ እንደ ነበር በራሷ አንደበት ተናግራለች። የተኛ ሰው ባላየው ነገር መሰከረ፤ ቃሉም ሳይመረመር ሦስት ሺሕ ዓመት ያህል አለፈው። ጥበበኛው ንጉሥ የሕያዉን እናት ለየ፤ የሙቱን ሞት ግን አልጠየቀም። እኔ ያን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ወደዚያች ወደተረታችው ሴት ያዘነብላል። ሐሰቷን ልደግፍ አይደለም፤ ከንጋቱ በፊት፣ በጨለማ፣ የበረደ ገላ ስትዳስስ ስለሚታየኝ ነው።

ሐኪሞች ዛሬ ይህን ሞት «ድንገተኛ የሕፃናት ሞት» ብለው ይጠሩታል። ጤነኛ የመሰለ ሕፃን ይተኛል፤ አይነቃም፤ ተመርምሮም ምክንያት አይገኝለትም። ከአንድ ዓመት በታች ባሉት ላይ ይደርሳል፤ ይበልጡን ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜ። ሞኒተሩ የተፈለሰፈው ይህን ሞት ሊከለክል ነው። ከለከለ ወይ? የዚህን መልስ ለማግኘት ወደ መሣሪያው አመጣጥ መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ የአመጣጡ ታሪክም ከልብ ወለድ የባሰ ሆኖ አገኘሁት።

እ.ኤ.አ. በ1972 አልፍሬድ ስታይንሽናይደር የተባለ የሲራክዩስ፣ ኒው ዮርክ ሐኪም ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት አሳተመ። በእንቅልፍ የሚሞቱ ሕፃናት አስቀድሞ ትንፋሻቸው ቆም እያለ ምልክት ይሰጣሉ፤ ነገሩም በቤተሰብ ይሄዳል የሚል ሐሳብ ነበር። ካጠናቸው አምስት ሕፃናት ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ሦስት ታላላቆቻቸውም ከእነርሱ በፊት ሞተዋል። ሁለቱም ከሆስፒታል ወደ ቤት በተመለሱ ማግስት ሞቱ። ትንፋሽ የሚቋረጥ ከሆነ የሚቋረጥበትን ደቂቃ የሚጠብቅ መሣሪያ ያስፈልጋል ተባለ፤ የቤት ሞኒተር ንግድም በዚህ ሐሳብ ላይ አደገ። ሁለት ዐሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ የእነዚያ ሕፃናት እናት ዋኔታ ሆይት አምስቱንም ልጆቿን አፍና እንደ ገደለች ለፖሊስ ተናዘዘች። ኋላ ቃሏን ብታጥፍም በ1995 ተፈረደባት።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የአንዲት ወንጀለኛ ታሪክ በልጃቸው ሞት የተሰበሩ ንጹሓን እናቶችን ሁሉ ወደ ጥርጣሬ ሊጎትት ይችላል፤ እንዲያ ማሰብ ነውር ነው። እኔ የምናገረው ስለ መሣሪያው ነው። መሠረቱ የተጣለው በስሕተት ላይ ነበር፤ ግድግዳው ግን መሠረቱ ከተናደ በኋላም ቆሞ ቀረ።

ሳይንቲስቶቹም በዝምታ አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ ሞኒተር ለተወሰኑ ሕመምተኛ ሕፃናት እንጂ ለጤነኛ ልጅ እንደማይታዘዝ ተናገረ። በ2001 በጃማ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 1,079 ሕፃናትን በየቤታቸው በመሣሪያ ሲከታተል፣ መሣሪያውን ለማስጮኽ የሚበቃ የትንፋሽ ወይም የልብ ምት ለውጥ በ443ቱ ላይ ተመዘገበ፤ ከእነዚህም መካከል ፍጹም ጤነኞች ነበሩ። ለካስ የሕፃን ትንፋሽ ተፈጥሮው ወጣ ገባ ነው። ሲሮጥ ይቆያል፤ ለጥቂት ሰከንዶች ቆም ይላል፤ መልሶ ይቀጥላል። መሣሪያው የሞት ምልክት ብሎ የሚጠብቀው ነገር ብዙውን ጊዜ የሕይወት ልማድ ነው።

ታዲያ ሞቱን የቀነሰው ምንድን ነው? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መከረ፤ በ1994 ደግሞ «በጀርባ አስተኟቸው» የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር በዚህ ስም የሚመዘገበው ሞት ከግማሽ በላይ ወረደ። ያንን ያህል ሕፃናት የተረፉት በአላርም ሳይሆን በመገላበጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ዶላር አይከፈልም።

* * *

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ብነግራት ልጅቱን እያጠባች በትዕግሥት ሰማችኝና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እሺ፣ ባያድንስ፣ ቢኖር ምን ይጎዳል?»

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። እታለም የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በዚያን ጊዜ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱን ገዝታ ነበር። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አላርሙ ጮኸ። ባሏ የሌሊት ሥራ ላይ ነበር። ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ወጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ከነፈች። ልጁ ጤነኛ ነው ተባለች። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ግን ልጇን ትታ ያንን መብራት ስታይ ታድር እንደ ነበር ራሷ ነግራኛለች። እንቅልፍ እንዲሰጣት የገዛችው ዕቃ የቀረላትን እንቅልፍ ወሰደባት።

ያም ሆኖ እኅቴን አልነቅፋትም። እኛ ጋ አራስ ብቻዋን አትተውም። እናቷ ትመጣለች፤ አማቷ ትመጣለች፤ ጎረቤት በየተራ ያድራል። አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ትነቃለች። እታለም በዚያ አገር ገንፎ የሚያገነፋላት እንኳ አልነበራትም። ከሥራ ፈቃዷም ያገኘችው ጥቂት ሳምንት ነው። ሰው በሌለበት ሰው የሚመስል ነገር ገዛች። እኔ ካልሲውን ስመረምር ያየሁት ከትንፋሽ መለኪያነቱ ይልቅ የጎረቤት ምትክ መሆኑን ነው።

ወደ ባለቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው የሐሰት ጩኸት ነው። ሁለተኛውና የባሰው የሐሰት ሰላም ነው። በፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት ሁለት የገበያ መሣሪያዎችን ከሆስፒታል መለኪያ ጋር አነጻጽሮ ነበር። አንደኛው የኦክስጅን መቀነስን አንዳንዴ ሲያገኝ አንዳንዴ ሳተ፤ ሌላው አንዴም አላገኘም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለ ሥልጣን በጥቅምት 2021 ለአውሌት ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ካልሲው ፈቃድ የሚያስፈልገው የሕክምና መሣሪያ ሆኖ ሳለ ያለ ፈቃድ ተሽጧል በማለት። ኩባንያው በዚያ አገር ሽያጩን አቆመ፤ በኅዳር 2023 ለአዲሱ ዓይነት ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ ከ1 እስከ 18 ወር ላሉ ጤነኛ ሕፃናት ልኬት ለማሳየት ነው እንጂ ድንገተኛ ሞትን ይከላከላል ለማለት አይደለም። የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2022 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ሞቱን ለመቀነስ ብሎ መጠቀምን አይመክርም። አረንጓዴው መብራት በርቷል ብሎ ልጁን በሆዱ ያስተኛ ወላጅ ሞኒተር ከሌለው ይልቅ ለአደጋ ቅርብ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሕፃናት በብዛት የሚሞቱት በሌላ ምክንያት ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው፣ 48ቱ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ተመዝግቧል። የአንድ ወሮቹ ገዳዮች ያለ ጊዜ መወለድ፣ ሲወለዱ መታፈንና የደም መመረዝን የመሰሉ ልክፍቶች ናቸው። ለእነዚህ ካልሲው ምን ይላል? ቁጥር ያሳያል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኦክስጅን፣ መድኃኒትና ሐኪም ከሌለ ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ይኸው መለኪያ በጤና ጣቢያ፣ በነርስ እጅ፣ ከጎኑ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ ሲገኝ ግን ነፍስ ያድናል። ዕቃውን አልጠላሁትም፤ ቦታው እዚያ ነው እላለሁ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ሳንባው ለታመመ ልጅ ሐኪም «ይህን ይዛችሁ ሂዱ» ካለም ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ የሐኪም ትእዛዝ እንጂ የገበያ ምርጫ አይደለም።

አንድ የራሳችንን ጥናት ልጨምር። በቦጎታ፣ ኮሎምቢያ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ በ1970ዎቹ መጨረሻ ማሞቂያ ሣጥን ሲያንሰው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን በእናታቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርጎ ማቆየት ጀመረ። «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተባለ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ከ2 ኪሎ በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ይህንኑ ከተወለዱበት ቀን አንሥተው ሞክረው በ2005 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አሳተሙ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ከመቶ 38ቱ ሲሞቱ፣ በእናት ደረት ላይ ከቆዩት የሞቱት ከመቶ 23 ገደማ ነበሩ። አንቀልባ በጀርባ ነው፤ ይህ በደረት ነው፤ አንድ ናቸው አልልም። ግን የእናት ገላ የልጅን ትንፋሽ እንደሚጠብቅ በቁጥር የተጻፈው በእኛው አገር ሆስፒታል ነው፤ ይህን ማወቅ ደስ ይላል።

* * *

እንግዲህ ምን አደረግን? ለሠፈሩ አናጢ ከባሕር ዛፍ ትንሽ አልጋ አሠራን፤ ከእኛ አልጋ ጋር ገጥመን አቆምነው። ፍራሹ ጠጠር ያለና ዝርግ ነው፤ ትራስ የለውም። ልጅቱ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ጋቢው ከደረቷ አያልፍም። ከሰሉ ከመኝታ በፊት ከነምድጃው ወደ ውጭ ይወጣል፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ልጅንም አዋቂንም በእንቅልፍ ልብ እንደሚወስድ ብርዳም አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ሰዓት ይዤ ትንፋሽ መቁጠር አስተማረችኝ። ልጅቱ ጸጥ ባለችበት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ገላዋ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው።

እናቴ የአልጋውን ነገር አልወደደችውም። «አራስ ልጅ ለብቻዋ ትተኛለች እንዴ?» አለች። እርሷም ከባለቤቴ ትራስ ሥር ቢላዋ አኑራ ነበር፤ ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ብላ። ቢላዋውን ከልጅቱ ርቆ ግድግዳው ላይ እንዲሰቀል በብዙ ልመና ተስማማን። የእናቴ ቢላዋና የእታለም ካልሲ እኅትማማች መሆናቸውን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሁለቱም የፍርሃት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ከልጅ ገላ ራቅ ቢሉ ይሻላል።

ለእታለም ደውዬ አትላኪ አልኋት። ዝም አለች። ቀጥላም «አንድ ነገር ቢሆንስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ይህን የምጽፈው ፍርሃት የለቀቀኝ ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የእኛዋም ሰማንያ ቀኗ አልሞላም። ነገ አንድ ነገር ቢደርስ «ካልሲውን እምቢ ያለው እሱ ነው» እንደምባል አውቃለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የምለው እኔው ነኝ።

ግን ይህ ፍርሃት ራሱ አስተማረኝ። የመሣሪያው ሻጭ አፍ አውጥቶ ባይናገርም ሳጥኑ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ቃል አለ፦ ብትነቂ ኖሮ ልጅሽ ይድን ነበር። ይህ ቃል ከዚያች ጎረቤታችን ሹክሹክታ በምን ይለያል? አንዷ «ተኝታ ተጭናት ነው» አለች፤ ሌላው «ሳትጠብቂው ተኝተሽ» ይላል። ሁለቱም የሌሊቱን ሞት በተኛች እናት ላይ ይጭናሉ። እኔ ካልሲውን የተቃወምሁት ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። መፍትሔ ያልተገኘለትን ሞት የአንዲት ሴት እንቅልፍ ዕዳ ማድረግ ግፍ ነው፤ በሹክሹክታም ይሁን በብሉቱዝ።

ከስልኩ በኋላ በሦስተኛው ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነቃሁ። እናቴ ከትንሿ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። እንዳልተኛሁ አወቀች።

«እታለም ልትልከው የነበረው ዕቃ…» አለች ቀስ ብላ፤ «ያን ጊዜ ቢኖር፣ ያች ልጄ ትድንልኝ ነበር?»

ያን ሁሉ ያነበብሁት ለዚህ ጥያቄ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አትድንም ነበር ብዬ አልምልልሽም፤ ትድን ነበር ብሎ የሚምልም የለም፣ እማዬ» አልኋት። «ሐኪም በሞላበት አገር፣ መሣሪያ በሞላበት ቤትም እንደ እርሷ ያሉ ልጆች ይሞታሉ። ምክንያቱን እነርሱም አያውቁትም። አንቺ ቀን ስታጭጂ ውለሽ ማታ ተኛሽ። መተኛት ኃጢአት አይደለም።»

ብዙ ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጣቷን ከልጄ አፍንጫ ሥር አደረገች። ትንፋሿን ሰማች መሰለኝ፤ እጇን መለሰችና ነጠላዋን ተከናነበች።

«ተኝታለች» አለችኝ። «እኔም ልተኛ። ተራው የአንተ ነው።»

ወደ መኝታዋ ሄደች። እኔ እስኪነጋ ተቀመጥሁ፤ እርሷ ተኛች።

በየቤታችሁ ሕፃን ያላችሁ ሁሉ፣ እናቲቱን ተራ አሳርፏት። ደኅና እደሩ።